ለወደቀው መልአክ የቆሙ ጠበቆች

የኪነ ጥበብ ታሪክ በአብዛኛው የሚጻፈው በተመሰገኑት ሥራዎች ዙሪያ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ኅብረተሰብ ስለ ትረካዎቹ በእርግጥ ምን እንደሚያስብ ለማወቅ ከተመሰገነው ይልቅ ያፈነገጠው ይበልጥ ያስረዳል። ከተለመደው መስመር የወጣ አንድ ምዕራፍ ወይም አንድ ክፍል በተገኘ ጊዜ አንባቢውና ተመልካቹ ከሁለት ይከፈላል፤ «ይህ ከኛ አይደለም፣ ይውጣ» የሚል ወገን በአንድ በኩል፣ «ይህም የኛው ነው፣ ይኑር» የሚል ወገን በሌላ በኩል ይሰለፋል። ክርክሩ ስለ አንዲት ክፍል መስሎ ይጀመርና ውሎ አድሮ የትረካው ባለቤት ማን ነው፣ ወሰኑንስ የሚከልለው ማን ነው ወደሚለው ጥያቄ ያመራል።

ለዚህ ዓይነቱ ክርክር ምሳሌ የሚሆን አንድ የአሜሪካ የካርቱን ፊልም አለ። ፊልሙ ከኢትዮጵያ የራቀ ቢመስልም ያነሣው ጉዳይ፣ ማለትም ሰው ለወደቀ መልአክ ጠበቃ ሆኖ መቆሙ፣ በግዕዝ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ብዙ መቶ ዓመታት ያስቆጠረ ጉዳይ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ መመርመር ስለ ሩቁ ፊልም ብቻ ሳይሆን ስለ ቅርቡ ቅርስም የሚያስተምረው አለ።

የቅዳሜ ጠዋቱ ፊልም

«ስታር ትሬክ»፣ በአማርኛ «የከዋክብት ጉዞ» ሊባል የሚችለው ተከታታይ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም በጂን ሮደንቤሪ ጠንሳሽነት እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1969 በኤን.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን በ79 ክፍሎች ታየ። ጣቢያው ሊያቋርጠው በተቃረበ ጊዜ ቢጆና ጆን ትሪምብል የተባሉ ባልና ሚስት ባስተባበሩት ዘመቻ ተመልካቾች ደብዳቤ አጎረፉ፤ ፊልሙም ለአንድ ተጨማሪ የሥርጭት ዘመን ዕድሜ አገኘ። ከተቋረጠ በኋላም ቢሆን ወዳጆቹ አልተበተኑም። ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በራሳቸው ወጪ እያባዙ የሚለዋወጧቸው መጽሔቶች ነበሯቸው። በጃንዋሪ 1972 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ከተማ በጠሩት ስብሰባም አዘጋጆቹ ከገመቱት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሕዝብ ተገኘ።

ተከታታዩ በካርቱን መልክ ተመልሶ እንዲመጣ የረዳው ይኸው ያልበረደ የተመልካች ፍቅር ነው። ፊልሜሽን የተባለው ኩባንያ የሠራቸው 22 ክፍሎች እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1973 እስከ ኦክቶበር 1974 ቅዳሜ ጠዋት በሕፃናት ሰዓት ቀረቡ። ኩባንያው ወጪ የሚቆጥብ፣ አንዱን ሥዕል በልዩ ልዩ ትዕይንት ደጋግሞ የሚጠቀም ስለነበረ የገጸ ባሕርያቱ እንቅስቃሴ ውስን ነው፤ ብዙ ጊዜ አፋቸው እንጂ ገላቸው አይንቀሳቀስም። በአንጻሩ ሥዕል የፈለጉትን ለመፍጠር ስለሚያስችል በሕያው ተዋናይ ሊታዩ የማይችሉ ፍጡራን ገቡበት። ለምሳሌ በመርከቧ ሠራተኞች መካከል ሦስት እጅና ሦስት እግር ያለው መኮንን ተጨምሯል።

የጽሑፍ ሥራውን በመጀመሪያው የሥርጭት ዘመን የመራችው ደራሲዋ ዶሮቲ ፎንታና ነበረች፤ ከቀድሞዎቹ ተዋንያን አብዛኞቹም ድምፃቸውን ሰጥተዋል። ወጪ ለመቀነስ ሲባል ጥቁሯ ተዋናይት ኒሼል ኒኮልስና የጃፓን ዝርያ ያለው ጆርጅ ታኬይ እንዲቀሩ ታስቦ ነበር። ስፖክ የተባለውን ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ሊዮናርድ ኒሞይ ግን ያለ እነርሱ አልሠራም በማለቱ ሁለቱም ሊካተቱ ችለዋል። ሥራው ለሕፃናት የተሰናዳ ቢሆንም የተጻፈው ለአዋቂ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 የኤሚ ሽልማት ተሰጥቶታል።

ያፈነገጠችው ክፍል

ከ22ቱ ክፍሎች መካከል ተመልካቾችን ከሁሉ ይበልጥ ካከራከሩት አንዷ ጥቅምት 17 ቀን 1966 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 27 ቀን 1973) የታየችው «የሜጋስ ቱ አስማት» የተሰኘችው ናት። ጸሐፊዋ ላሪ ብሮዲ ነው። ብሮዲ በመጀመሪያ ያቀረበው ሐሳብ መርከበኞቹ በጠፈር ውስጥ ከእግዚአብሔር ጋር ይገናኛሉ የሚል ነበር። ይህ ለቅዳሜ ጠዋት ፕሮግራም አይሆንም ተብሎ በመከልከሉ በእግዚአብሔር ፈንታ ዲያብሎስ ገባ።

የታሪኩ አካሄድ ይህን ይመስላል። ኢንተርፕራይዝ የተባለችው መርከብ የፍጥረትን ምንጭ ለመመርመር ወደ ጋላክሲው እምብርት ትጓዛለች። በማዕበል ተጠልፋ ወደ ሌላ ዓለም ከገባች በኋላ መሣሪያዎቿ ሁሉ ይከዳሉ፤ አየሩም ያልቃል። በዚህ ጊዜ ሉሲየን የሚባል የፍየል እግርና ቀንድ ያለው ፍጡር ብቅ ብሎ የሰውን ልጅ እንደ ጥንት ወዳጅ ሰላም ይልና ከሞት ያድናቸዋል። በእርሱ ዓለም የተፈጥሮ ሕግ አስማት ነው። ስፖክ የተባለው ጥብቅ የሳይንስ ሰው እንኳ መሬት ላይ የአስማት ክበብ ሥሎ በሐሳቡ ኃይል የሰንጠረዥ ጠጠር ያንቀሳቅሳል።

ብዙም ሳይቆይ የዚያ ዓለም ነዋሪዎች ሰዎቹን ይዘው ለፍርድ ያቀርቧቸዋል። ክሱ ከባድ ነው፤ ወገኖቻቸው በጥንት ዘመን ወደ ምድር ወርደው ጥበባቸውን ለሰው ልጅ አስተማሩ፣ ሰውም ጠንቋዮች ናችሁ ብሎ ፈጃቸው የሚል ነው። የችሎቱ መልክ የተቀዳው በአሜሪካ ሴለም ከተማ እ.ኤ.አ. በ1692 ከተካሄደው የታወቀ የጠንቋዮች ፍርድ ነው፤ በዚያ ፍርድ 19 ሰዎች ተሰቅለው፣ አንድ ሽማግሌ ደግሞ በድንጋይ ክብደት ተጨፍልቆ ሞተዋል። የመርከቧ ካፒቴን ከርክ የሰው ልጅ ከዚያ ወዲህ መለወጡን አስረድቶ ጓዶቹን ነጻ ያወጣል። ነገር ግን ሰዎቹን ያስገባው ሉሲየን ለዘለዓለም ብቻውን እንዲታሰር ሊፈረድበት ሲል ካፒቴኑ እንደገና ይነሣና ይሟገትለታል። በዚህ ጊዜ አቃቤ ሕጉ አስሞዲየስ ይህ ፍጡር በምድር ሉሲፈር እየተባለ የሚጠራው መሆኑን ይገልጥለታል። ካፒቴኑ ግን ስሙ ምንም ይሁን ምን ሕይወትና አእምሮ ያለው ነውና አሳልፌ አልሰጠውም ይላል። ነገሩ ሁሉ ፈተና ኖሯል፤ ካፒቴኑ ፈተናውን በማለፉ ሉሲየን ነጻ ይወጣል።

የክርክሩ ነጥቦች

ይህች ክፍል ከታየች ከ50 ዓመት በላይ ቢሆናትም ክርክሩ አልተቋረጠም። አንደኛው ወገን የሚከሳት በሳይንስ ስም ነው። ተከታታዩ የቆመው ተአምር የሚመስለው ሁሉ በምርመራ ይገለጣል በሚል እምነት ሲሆን ይህች ክፍል ግን ሳይንሱን ወደ ጎን ትታ አስማትን የተፈጥሮ ሕግ ታደርጋለች ይላል። ሁለተኛው ወገን የሚከራከርላት በሥነ ምግባር ስም ነው። የተከታታዩ እውነተኛ መሠረት የማያውቁትን ፍጡር በመልኩና በተወራበት ወሬ አለመፍረድ ነው፤ ይህ መርሕ እስከ መጨረሻው የተፈተነው ተከሳሹ ዲያብሎስ በሆነ ጊዜ ነው ይላል። ሦስተኛው ወገን ደግሞ የታሪኩን ወጥነት ያነሣል። እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው አምስተኛው የሲኒማ ፊልም ይኸው ካፒቴን አምላክን ፍለጋ ወደ ጋላክሲው እምብርት ሲጓዝ ከዚህ ቀደም እዚያ የደረሰ አይመስልም፤ እንግዲያው ከሁለቱ አንዱ መቅረት አለበት ይላል።

ከክርክሩ በላይ የቆመ ሥልጣን ደግሞ ነበር። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የሮደንቤሪ ጽሕፈት ቤት የካርቱኑ ተከታታይ በጠቅላላው ከእውነተኛው ታሪክ እንደማይቆጠር አስታወቀ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ለዚህ የሚጠቀሙበት ቃል በኢትዮጵያም የታወቀው «ቀኖና» ነው። የተወገዘው ግን ተወግዞ አልቀረም። ለምሳሌ «ቲቤሪየስ» የሚለው የካፒቴን ከርክ መካከለኛ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው እ.ኤ.አ. በ1974 በዚያው በካርቱኑ ነው። ተመልካቹ ስሙን ስለያዘው በ1991 እ.ኤ.አ. በሲኒማው ፊልም ላይ ገብቶ ጸደቀ። ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የካርቱኑ ተከታታይ በዲስክ ታትሞ ሲሠራጭ የተከታታዩ ባለቤቶች ራሳቸው ከእውነተኞቹ ክፍሎች ጎን ወደ መመዝገብ ተመለሱ። ጽሕፈት ቤቱ ያወጣውን ተመልካቹ መልሶ አስገባው ማለት ነው።

ቀኖና በኢትዮጵያ

ቀኖና የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣ ሲሆን መነሻ ትርጉሙ መለኪያ ዘንግ ነው። የኢትዮጵያ ሊቃውንት ስለዚህ መለኪያ ያላቸው ልምድ ለጥናት የሚገባ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍቱን ቁጥር 81 ትላለች። ሆኖም እንግሊዛዊው ተመራማሪ ሮጀር ካውሊ እ.ኤ.አ. በ1974 እንዳሳየው ቁጥሩ ጽኑ ሆኖ ሳለ 81ዱ እነማን ናቸው ለሚለው ከአንድ በላይ አቆጣጠር አለ። የቁጥሩ ድንበር ተከብሮ በውስጡ ሰፊ ቦታ ተትቷል። በአሜሪካው ካርቱን አቃቤ ሕግ ሆኖ የቀረበው አስሞዲየስ ስሙ የተወሰደው ከመጽሐፈ ጦቢት ነው። ይህ መጽሐፍ በኢትዮጵያ ከ81ዱ የሚቆጠር ሲሆን ፕሮቴስታንቶች ከቀኖናቸው ያወጡት ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን የመጽሐፈ ሄኖክ ታሪክ ነው። የአዲስ ኪዳኑ የይሁዳ መልእክት ሳይቀር የጠቀሰው ይህ መጽሐፍ በሌላው ዓለም ከመጻሕፍት ቁጥር ወጥቶ ሲጠፋ በግዕዝ ብቻ ሙሉ ሆኖ ተረፈ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1773፣ ማለትም የሜጋስ ቱ ክፍል ከመታየቷ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ነው። ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ከሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የተገኙት የአራማይክ ቁርጥራጮች እ.ኤ.አ. በ1976 ሲታተሙ መጽሐፉ ከክርስትና በፊት የተጻፈ መሆኑ በማስረጃ ተረጋገጠ። የኢትዮጵያ ደብተራና ቆሞስ ብራና እየፋቀ፣ ቀለም እየበጠበጠ ሲገለብጠው ባይኖር ኖሮ የዓለም ሊቃውንት ዛሬ የሚመረምሩት ሙሉ መጽሐፍ ባልኖረ ነበር።

በይዘትም ረገድ ሄኖክ ለያዝነው ጉዳይ ቅርብ ነው። ትጉሃን የተባሉ 200 መላእክት በአርሞንኤም ተራራ ወርደው የሰውን ሴቶች ልጆች እንዳገቡ፣ ሥር መማስንና አስማትን እንዳስተማሩ፣ አዛዝኤል የተባለውም ሰይፍና ጋሻ መሥራትን፣ ዓይን መኳልን ለሰው እንዳሳየ ይተርካል። ፍርዱ በታወጀባቸው ጊዜ እነዚያ መላእክት ሄኖክን የምሕረት ደብዳቤ እንዲጽፍላቸው ይለምኑታል፤ እርሱም ይጽፍላቸዋል። መልሱ ግን ልመናቸው ተቀባይነት የለውም የሚል ነው። ለሰው ሊለምኑ የሚገባቸው እነርሱ ሆነው ሳለ ሰው ለእነርሱ ለማኝ መሆኑ ራሱ ወቀሳ ይሆንባቸዋል።

ሌላይቱ ጠበቃ ሴት ናት። በአስራ አምስተኛው መቶ ዓመት እንደነበረች የሚነገርላት የቡልጋዋ ክርስቶስ ሠምራ ባለ ትዳርና የልጆች እናት ነበረች። በኋላ ቤቷን ትታ በደብረ ሊባኖስ መነኰሰች፣ ቀጥሎም ወደ ጣና ሐይቅ ሄደች። በዓሏ ነሐሴ 24 ቀን ይከበራል። ኢጣልያዊው ሊቅ ኤንሪኮ ቼሩሊ እ.ኤ.አ. በ1956 ያሳተመው ገድሏ ከሌሎች ገድላት የሚለየው በአብዛኛው በራሷ አንደበት የሚተረክ በመሆኑ ነው። በዚህ ገድል ውስጥ አንባቢን ሁልጊዜ የሚያስገርም ምዕራፍ አለ። ቅድስቲቱ ዲያብሎስን ይቅር እንዲለው ጌታን ትለምናለች። ምክንያቷም ዲያብሎስ ከታረቀ የአዳም ልጆች ከሥቃይ ያርፋሉ የሚል ነው። ይፈቀድላትና ከመልአኩ ከሚካኤል ጋር ወደ ሲኦል ወርዳ ዲያብሎስን ለዕርቅ ትጠራዋለች። እርሱ ግን ይቆጣና እጇን ይዞ ወደ ሥቃይ ይጎትታታል፤ ሚካኤልም ያድናታል። ስትወጣ ግን ባዶ እጇን አልወጣችም፤ ብዙ ነፍሳት አብረዋት ወጥተዋል።

ሦስቱ ጠበቆች ሲመዘኑ

ሦስቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ውጤታቸው የተለያየ ነው። የሄኖክን ልመና ዳኛው አልተቀበለውም። የክርስቶስ ሠምራን ዕርቅ ያልተቀበለው ዳኛው ሳይሆን ተከሳሹ ነው። የካፒቴን ከርክን ክርክር ግን ዳኛውም ተከሳሹም ተቀብለውታል። በመጀመሪያ ሲታይ የረታው የካርቱኑ ጠበቃ ነው።

ሆኖም የጉዳዩ ክብደት ሲመዘን ሚዛኑ ይገለበጣል። የሄኖክ ተከሳሾች በእርግጥ በድለዋል፤ ባስተማሩት የጦር መሣሪያ ምድር በደም ተሞልታለች። የክርስቶስ ሠምራ ተከሳሽም የአዳም ልጆችን የሚያሠቃይ ነው። ሉሲየን ግን በፊልሙ ውስጥ ክፉ ሲሠራ አይታይም። ዲያብሎስ የተባለው በስም ማጥፋት ነው። የታሪኩ ደራሲ የተከሳሹን በደል አስቀድሞ ስለሰረዘለት ካፒቴኑ የያዘው ክስ የቀለለ ክስ ነው። ቡልጋዊቱ እናት ግን በዳይነቱን አውቃ፣ የበደለውንም ቆጥራ ነው ለዕርቅ የወረደችው። እንቢ ሲላትም ጉዞዋ ከንቱ አልሆነም። ርኅራኄ በደልን በመካድ ሳይሆን በደልን አይቶ በመውረድ ሲገለጥ ይበልጥ ይከብዳል፤ በዚህ ረገድ የግዕዙ ምዕራፍ ከቅዳሜ ጠዋቱ ፊልም ይልቃል።

ይህን ለማለት የተቻለው ግን ሦስቱም በእጃችን ስላሉ ነው። አንድ ጠንቃቃ ጸሐፊ ያን የገድሉን ምዕራፍ «ለአንባቢ ያስቸግራል» ብሎ ዘሎት ቢሆን፣ ወይም ጽሕፈት ቤቱ እንዳሰበው ካርቱኑ ከመዝገብ ተፍቆ ቢቀር ንጽጽሩ አይኖርም ነበር።

ሳይቆርጡ መከራከር

የኢትዮጵያ ሊቃውንት ለአስቸጋሪ ምዕራፍ ያበጁለት መሣሪያ መቁረጥ ሳይሆን ትርጓሜ ነው። የአንድምታ ትምህርት ንባቡን እንዳለ ያስቀምጥና አንዱን ትርጉም ከተናገረ በኋላ «አንድም» ብሎ ሌላውን ያስከትላል። ሦስተኛም አራተኛም ካለ ይጨምራል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 6 የተጠቀሱት «የእግዚአብሔር ልጆች» መላእክት ናቸው የሚለው ንባብ ባስቸገረ ጊዜ የሴት ልጆች ናቸው የሚለው ትርጓሜ በሊቃውንቱ ዘንድ ሰፋ፤ መጽሐፈ ሄኖክ ግን ከዕቃ ቤት አልወጣም። ትርጓሜው ተለወጠ እንጂ ብራናው አልተፋቀም።

ይህ ሲባል ታሪኩ ሁልጊዜ በሰላም ተጉዟል ማለት አይደለም። በአስራ አምስተኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት ከንጉሡ ሥርዓት ጋር ባለመስማማታቸው በግርፋት፣ በአካል መቁረጥና በሞት ተቀጥተዋል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ገድላቸውን ወደ አማርኛ መልሰው በማሳተማቸው የዛሬው አንባቢ የተከሳሾቹን ቃል ከራሳቸው አንደበት ሊሰማ በቅቷል። ይህም በሴለም ከሆነው ጋር ሲታይ አንድ ነገር ያስገነዝባል። «አንድም» የሚለው ቃል ከችሎት ሲጠፋ የሚቀጣው መጽሐፉ ብቻ ሳይሆን አንባቢውም ነው።

የስም ምስክርነት

ተጠቃሚው ሕዝብ ያጸደቀውን ጽሕፈት ቤት በቀላሉ ሊሽረው እንደማይችል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የአዲስ አበባ ሰፈሮች ስም በቂ ምስክር ነው። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በኢጣልያ ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ምሕጻረ ስም ነው፤ ድርጅቱ ከሄደ ዘመን አልፏል፣ ስሙ ግን አለ። ፒያሳም እንዲሁ። ከቦሌ በስተምሥራቅ በቀለበት መንገድ ላይ ያለው ኢምፔሪያል ደግሞ ከአንድ ሆቴል ስም የተወረሰ ነው። የቃሉ ፍቺ ንጉሠ ነገሥታዊ ማለት ነው። የዘውዱ ሥርዓት ራሱ በ1967 ዓ.ም. ተወግዷል፤ የታክሲው ረዳት ግን ዛሬም «ኢምፔሪያል!» እያለ ተሳፋሪ ሲጣራ ስለ ዘውድ የሚያስብ የለም። ከተማዋ በቀበሌና በወረዳ ቁጥር ብዙ ጊዜ ተከፋፍላለች፤ ቁጥሩ በመዝገብ ይኖራል፣ ሰው የሚገናኘው ግን «ኢምፔሪያል ጋ» ተባብሎ ነው። ያፈነገጠ፣ ከታሪኩ ጋር የማይገጥም፣ ባዕድ የሚመስል ስም በአገልግሎት የሰፈሩ ንብረት ሆኗል።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ የካርቱን ሥራም እየቀረበ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ የሕፃናት ሰዓት ሲታሰብ የሚታወሱት ተስፋዬ ሣህሉ፣ ማለትም አባባ ተስፋዬ ናቸው፤ ተረቱን የሚያደርሱት በራሳቸው አንደበት ነበር። በኋላ ብሩክታዊት ጥጋቡና ባልደረቦቿ በአሻንጉሊት የተሠራውን «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘ ፕሮግራም አቀረቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2008ም የጃፓን ሽልማት ተሰጠው። ከዚያም ልዩ ኃይል ያላቸው ሦስት ልጃገረዶች ከጎጂ ልማዶች ጋር የሚታገሉበት «ጥበብ ገርልስ» የተሰኘ ካርቱን ተከተለ። ሥራው እየበዛ ሲሄድ ያፈነገጠች ክፍል መምጣቷ አይቀርም። ወላጅን የምታስቆጣ፣ መምህርን የምታከራክር፣ የራሷን ደራሲ እንኳ የምታሳፍር ክፍል ትመጣለች።

ያን ጊዜ አዘጋጁ፣ መምህሩና ከያኒው በአንድ ጥያቄ ፊት ይቆማሉ። መቁረጥ ቀላል ነው፤ ክርክሩንም ለጊዜው ዝም ያሰኛል። ነገር ግን የጣናዋ ቅድስት ምዕራፍ የደረሰን የማይስማማበትም ጸሐፊ ሳይዘል ስለ ገለበጠው ነው። ሄኖክም የተረፈው ሌላው ዓለም ባወጣው ጊዜ እዚህ የሚያስቀምጠው እጅ ስለ ነበረ ነው። ክፍሏ በመዝገብ ትቀመጥ፤ ከጎኗም የተቃዋሚው ቃል ይጻፍ፤ ቀጥሎም «አንድም» ተብሎ የደጋፊው ይጨመር። ፍርዱን ገና ያልተወለደው አንባቢ ይስጥ።